አቶ ሀብተ ሚካኤልን የጠራው ጥሩንባ

[ደባርቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ እስከ ባለፈው ወር ፀጉር ቤት የነበረ፣ አሁን የምርጫ ቢሮ የሆነ አንድ ክፍል። ግድግዳው ላይ የቀረ ትልቅ መስተዋት፣ ጠረጴዛው ላይ አዲስ የድምፅ ማጉያ። ቢራራ ቆሟል፣ ገዱ ጥሩንባውን ጭኑ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል።]

ቢራራ፦ «አቶ» የሚለውን ያውጡት አልኩዎት፣ ጋሼ ገዱ።

ገዱ፦ ከማን ላይ?

ቢራራ፦ ከአቶ ሀብተ ሚካኤል ላይ።

ገዱ፦ አንተም እኮ አሁን አልከው።

ቢራራ፦ ይኼ ወሬ ነው፣ ማስታወቂያ ሌላ ነው። ተቀናቃኝን የሚያጠቃ ማስታወቂያ «አቶ» የለውም። «ሀብተ ሚካኤል!» ብሎ ይጀምራል፣ እንደ ጥፊ።

ገዱ፦ እኔ ያለ «አቶ» የምጠራው የሕፃን ስም ብቻ ነው። እሱንም እናቱ ስትፈቅድ።

ቢራራ፦ የሞተ ሕፃን ማለትዎ ነው።

ገዱ፦ ሌላ ምን ሕፃን እጠራለሁ?

ገዱ የእድር ጥሩንባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ንጋት ላይ ይነሳል፣ ጥሩንባውን እየነፋ በየሰፈሩ ይዞራል፣ ስም ይጠራል፣ ሰውም ይወጣል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲያደርግ አንድም ቀን ስም አሳስቶ አያውቅም። ደባርቅ ውስጥ ሰው የማያምነው ብዙ ነገር አለ፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት፣ የደመናው አኳኋን፣ የሻጭ የመጨረሻ ዋጋ። የገዱን ጥሩንባ ተጠራጥሮ ከአልጋው ያልወረደ ግን የለም።

ችግሩ ድምፁ አርጅቷል። ነፋስ ከተራራው በወረደ ቀን የላይኛው ሰፈር አይደርስም። ባለፈው ጥር እማማ እናናዬ ሲያርፉ የላይኛው ሰፈር ሳይሰማ ቀረና በአሥራ አንድ ሰው ተቀበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የማንም ቀብር ቀርተው የማያውቁ ሴት ነበሩ። ገዱ አሥራ አንዱን ሰው ደጋግሞ ቆጥሯል፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ቀን እህል አልበላ ብሎት ነበር። ስለዚህ ቢራራ መጥቶ ይህ ማጉያ በምርጫው ማግስት የእድሩ ይሆናል፣ እርስዎ ሦስት ሳምንት በድምፅዎ ያገልግሉን ሲለው እምቢ ማለት አቃተው።

ቢራራ ደግሞ የአቶ አንዳርጋቸው የቅስቀሳ ኃላፊ ነው። አቶ አንዳርጋቸው በሊማሊሞ ቁልቁለት የጭነት መኪና የሚያሠሩ፣ ለክልሉ ምክር ቤት በግል የሚወዳደሩ ሰው ናቸው፤ ምልክታቸው መሰላል ነው። በግል የሚፎካከሯቸው ባለ ወፍጮው አቶ ሀብተ ሚካኤል ናቸው፤ የእሳቸው ምልክት ማረሻ ነው። ቢራራ ጎንደር ወርዶ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም።

ቢራራ፦ እሺ፣ «አቶ» ይቆይ። እንዲያውም ይሻላል። መጀመሪያ እናከብራቸዋለን፣ ከዚያ እንጥላቸዋለን። አሁን ያንብቡልኝ።

ገዱ፦ (ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ) «መራጩ ሕዝብ ሆይ! አቶ ሀብተ ሚካኤል በአሥራ አምስት ዓመት ምን ሠሩልን?» (ቆም ብሎ) ወፍጮ።

ቢራራ፦ ምን አሉ?

ገዱ፦ ወፍጮ ሠሩልን። ከዚያ በፊት ሰፈራችን ወፍጮ አልነበረውም።

ቢራራ፦ ጋሼ፣ ይህ ጥያቄ የሚጠየቅ እንጂ የሚመለስ አይደለም።

ገዱ፦ ተጠይቆ ካልተመለሰ ሰው ይጨነቃል።

ቢራራ፦ እንዲጨነቅ ነው የተጻፈው።

ገዱ፦ ለምን?

ቢራራ፦ የተጨነቀ ሰው ወጥቶ ይመርጣላ።

ገዱ፦ እኔ ስጨነቅ ሆዴን ነው የሚያመኝ።

ቢራራ፦ ይቀጥሉ።

ገዱ፦ «የጃናሞራን መንገድ ለምን አላሠሩም?» ባለ ወፍጮ መንገድ ያሠራል እንዴ?

ቢራራ፦ አሠርተዋል?

ገዱ፦ አላሠሩም።

ቢራራ፦ እንግዲያ እውነት ነው። እኛ ውሸት አናወራም።

ገዱ፦ እኔም አላሠራሁም።

ቢራራ፦ እርስዎ አልተወዳደሩም።

ገዱ፦ አቶ አንዳርጋቸውስ አሠርተዋል?

ቢራራ፦ (በሩን ዘወር ብሎ አይቶ) ይህቺን ጥያቄ ሌላ ቦታ እንዳይጠይቋት።

ገዱ፦ «ከወፍጮ ቤታቸው ሌላ ምን ያውቃሉ?» እሱስ ልክ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ናቸው። የፈለጋቸው ሰው አያጣቸውም።

ቢራራ፦ ልክ ነው ብቻ ይበቃል። የቀረውን ይተዉት።

ገዱ፦ «በየቅዳሜው ሹልክ ብለው ዳባት የሚሄዱት ማን ዘንድ ነው?» እናታቸው ዘንድ።

ቢራራ፦ (ብዕሩን አንስቶ) «እናታቸው» የሚል የት ተጽፏል?

ገዱ፦ አልተጻፈም።

ቢራራ፦ ያልተጻፈ አይነበብም።

ገዱ፦ እናታቸው ዓይናቸው ደክሟል፣ ልጄ። ከዳባት ወጣ ብሎ ስልክ የማይሠራበት ገጠር ነው ያሉት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄደው ያዩዋቸዋል። ዛሬም ማለዳ ሲሳፈሩ አይቻቸዋለሁ።

ቢራራ፦ ዛሬ ደባርቅ የሉም? ስልካቸውም አይሠራም?

ገዱ፦ አይሠራም።

ቢራራ፦ (እጁን እያፋተገ) በጣም ጥሩ። ተቀናቃኝህን መልስ በማይሰጥበት ሰዓት ምታው ብለውናል።

ገዱ፦ እኔም የምጠራቸው ሰዎች መልስ ሰጥተውኝ አያውቁም።

ቢራራ፦ አሁን የጎደለን ማጀቢያ ብቻ ነው። የሚያጠቃ ማስታወቂያ ከበድ ያለ ድምፅ ይፈልጋል፣ የሰውን ሆድ የሚያባባ። ስማቸውን ከመጥራትዎ በፊት ጥሩንባውን አንዴ ይንፉት።

ገዱ፦ ይህን ጥሩንባ?

ቢራራ፦ ይህንኑ።

ገዱ፦ ይህን ከነፋሁ ሰው ከቤቱ ይወጣል።

ቢራራ፦ ይውጣ እንጂ! ሌላውማ በሚሊዮን ብር ፖስተር ለጥፎ ቀና ብሎ የሚያየው አጥቷል።

ገዱ፦ ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ሰዉ የእኔን ድምፅ ሲሰማ ስሙን ብቻ ነው የሚሰማ። ስሙን ከያዘ በኋላ የቀረውን አይጠብቅም፣ ነጠላውን ሊያነሳ ይገባል።

ቢራራ፦ ስሙን ብቻ?

ገዱ፦ ስሙን ብቻ።

ቢራራ፦ (ማስታወሻው ላይ እየጻፈ) ጎንደር ይህችን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ከሰዓት ነው የፈጀባቸው። እርስዎ በተፈጥሮ ይዘውታል፣ ጋሼ።

ገዱ ነገሩ ለቢራራ እንዳልገባው ታውቆታል። ግን ደግሞ ልጁ ጎንደር ሦስት ቀን ተምሯል፣ እኔ ምን ተምሬ ነው ብሎ አሰበ። ማጉያውን አየው። የላይኛው ሰፈር ትዝ አለው። ጥሩንባውን በኩታው ጫፍ ወለወለና ተነሳ።

[የገበያው መሀል፣ አራት ሰዓት ተኩል። ቢራራ የራሱን ባጃጅ ይነዳል፣ ማጉያው ጣሪያው ላይ ታስሯል፣ ገዱ ከኋላ ማይኩን በሁለት እጁ ይዟል። ጥሩንባው ተነፍቷል፣ ስሙም ተጠርቷል።]

ቢራራ፦ (በመስተዋቱ እያየ) አዩዋት? ያቺ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት አፏን ይዛ ቀረች።

ገዱ፦ በለጠች ናት። የወፍጮው ደንበኛ ናት።

ቢራራ፦ ማረሻ ልትመርጥ ነበራ። አሁን ልቧ ተናወጠ።

ገዱ፦ እያለቀሰች ነው።

ቢራራ፦ ጸጸት ነው።

ገዱ፦ ሚዛኗንም ጥላ ሄደች።

ቢራራ፦ ለሌላ ሰው ልታወራ ነው። ወሬው በራሱ እግር ሲሄድ ማለት ይህ ነው። ሽማግሌዎቹን ይዩ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ!

ገዱ፦ ሁልጊዜም ያወልቃሉ።

ቢራራ፦ ለእርስዎ?

ገዱ፦ ለምጠራው።

አንድ ገበሬ የያዛትን በቅሎ ጎትቶ ወደ ባጃጇ ተጠጋና መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። ቢራራ በፈገግታ ከሦስት ሳምንት በኋላ መሆኑን ነገረው። ገበሬው ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምን እንደሚቆይ ሊገባው አልቻለም፤ ቢራራም አዋጁ ያዘዘው ጊዜ ነው ብሎ አስረዳው። ገበሬው አዋጁን ረግሞ፣ በቅሎውን አዙሮ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ቢራራ፦ ቸኩሏል ሰውዬው። ዛሬውኑ ቢሆንለት ይወዳል።

ገዱ፦ ቢራራ፣ ይህ ሰው አቶ ሀብተ ሚካኤል ሞቱ ብሎ ነው።

ቢራራ፦ ሞተዋላ!

ገዱ፦ (ደንግጦ) መቼ?

ቢራራ፦ አሁን፣ በእርስዎ አንደበት። በፖለቲካ ሞተዋል።

ገዱ፦ በፖለቲካ የሞተ ሰው ይለቀስለታል?

ቢራራ፦ አይለቀስለትም።

ገዱ፦ ለእሳቸው ግን እየተለቀሰላቸው ነው።

ቢራራ፦ ጋሼ፣ ሥራ መሀል አያስቡ። ማሰቡን ለእኔ ይተዉልኝ። አሁን ወደ ላይኛው ሰፈር ነን።

ላይኛው ሰፈር ሲደርሱ ነፋሱ እንደ ልማዱ ፊት ለፊት መጣ። ገዱ ነፋ፣ ጠራ። ማጉያው ድምፁን ተቀብሎ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አደረሰው። በሮች ተራ በተራ ተከፈቱ፤ ስንት ጊዜ ድምፁን ነፋስ የወሰደባቸው ሰዎች ደጃፋቸው ላይ ቆሙ፣ አንዲት አሮጊትም ደረታቸውን መቱ። ገዱ በአንድ ጊዜ ደስ አለው፣ አፈረም። ለእማማ እናናዬ ቢሆን ኖሮ ብሎ ተመኘ፣ ወዲያውም በሕይወት ያሉ ሰው ስም እንደጠራ ትዝ አለውና ማይኩን ከአፉ አራቀ። ውረድ ቢሉት ይወርድ ነበር፣ ቢራራ ግን ነዳጁን ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ሰፈር ታጠፈ።

ምሳ የበሉት የጭነት መኪኖች ከሊማሊሞ ቁልቁለት በፊት የሚያርፉበት ምግብ ቤት ነው። ቢራራ ቀይ ወጡን እየጠራረገ፣ ምርጫው ሲያልፍ ስለሚሾምበት የኮሙኒኬሽን ቢሮ አወራ፤ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ነው የሚያዞረው፣ ጸሐፊም ያስፈልገዋል። ገዱ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ስም አልሳትኩም ይላል በልቡ። ዛሬ የጠራሁት ሰው ነገ ገበያ ሲሄድ ከታየ፣ ከነገ ወዲያ በእውነት የሞተውን ስጠራ ማን ይወጣል? በሐሳቡ ቀባሪ መቁጠር ጀመረ፤ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ሰው እንኳ አይገኝም።

[ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ገበያው መሀል። ባጃጇ ቆማለች። ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ የጌሾው ጆንያ ሁሉ እንደተዘረጋ ነው። ሰው የለም።]

ቢራራ፦ ሰዉ የት ገባ?

ገዱ፦ ሄደ።

ቢራራ፦ በቅዳሜ ገበያ? ሳይሸጥ?

ገዱ፦ ሲሰማ ነው የሄደው።

ቢራራ፦ (ፊቱ እየበራ) ተነስቷል ማለት ነው! ሕዝቡ ተነስቷል። ወዴት የሄደ ይመስልዎታል?

ገዱ፦ አቶ ሀብተ ሚካኤል ቤት።

ቢራራ፦ መልስ ሊጠይቃቸው!

ገዱ፦ እኔ አይመስለኝም።

[ወፍጮ ቤቱ አጠገብ። መንገዱ በሰው ስለተሞላ ባጃጇ ከሩቅ ቆማለች።]

ቢራራ፦ አቤት! ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ቀን ማስታወቂያ? ይህ እኮ ተቃውሞ ነው፣ ጋሼ።

ገዱ፦ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነው የለበሱ።

ቢራራ፦ የተቃውሞ ምልክት ነው። ተነጋግረውበታል።

ገዱ፦ ድንኳን ተክለዋል።

ቢራራ፦ መልስ ሳናገኝ አንሄድም ማለታቸው ነው።

ገዱ፦ ንፍሮ ይቀቅላሉ።

ቢራራ፦ ቆርጠዋል። እስከ ማታም ሊቆዩ ነው።

ገዱ፦ ቄሱም መጥተዋል።

ቢራራ፦ የሃይማኖት አባቶችም ከጎናችን ናቸው።

ገዱ፦ አቶ አንዳርጋቸውም ድንኳኑ ውስጥ ቆመዋል።

ቢራራ፦ (ሞተሩን አጥፍቶ) የትኛው አንዳርጋቸው?

ገዱ፦ የእኛው። ንግግር ሊያደርጉ ነው መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ ወፍጮው ከቤት ስለሌሉ፣ ስልካቸውም ስለማይሠራ፣ ሰዉ ዳባት ሳሉ አርፈዋል ብሎ አምኗል። አቶ አንዳርጋቸው ከሹፌሮቻቸው አንዱ ነግሯቸው ተቀናቃኛቸው እንዳረፉ ሲሰሙ፣ ማን እንደነገረውና በምን እንደተነገረ አልጠየቁም። ማስታወቂያው የወጣው ገና ዛሬ ስለሆነ አልሰሙትም። ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከልባቸው እያዘኑና ከልባቸው እየቀለላቸው፣ ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። ሰው ሁሉ የሟቹን ደግነት ሲያወራ ቆይቷል፤ እህሏን ከሰው በፊት የፈጩላት መበለት ተናግራለች፣ ወፍጮው በተበላሸ ጊዜ እህላቸውን በራሳቸው አህያ ዳባት ያደረሱላቸው ሰዎች ተናግረዋል። አቶ አንዳርጋቸውም ከዚህ ሁሉ ማነስ አልፈለጉም። ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ፤ ደባርቅ ምሰሶዋን አጣች አሉ፣ እኚህ ሰው በአሥራ አምስት ዓመት የሠሩትን ማንም አይሠራውም አሉ።

ቢራራ፦ ያስቁሙልኝ፣ ጋሼ። እባክዎ አንድ ሰው ያስቁማቸው።

ገዱ፦ ለቅሶ ላይ የሚናገር ሰው አይቋረጥም።

ቢራራ፦ የሞተ የለም እኮ!

ገዱ፦ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ነበር ልነግርህ የፈለግሁት።

አቶ አንዳርጋቸው ቀጠሉ። «እውነቱን ለመናገር፣» አሉ፣ መሐረባቸውን አውጥተው፣ «እኔ የተወዳደርኩት እንዲያው ወግ ይሁን ብዬ ነው። እሳቸው በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ የእኔም ድምፅ የእሳቸው ነበር።»

በዚህ ጊዜ የዳባት ሚኒባስ ቆሞ አቶ ሀብተ ሚካኤል ወረዱ። እናታቸው የሰጧቸውን እርጎ በትንሽ ጀሪካን አንጠልጥለዋል። ደጃፋቸው በሰው ተሞልቶ ሲያዩ ደንግጠው፣ በጣም ከኋላ የቆመውን ሰው ቀስ ብለው ማን ሞተ ብለው ጠየቁት። ሰውየው ፊቱን ሳያዞር አቶ ሀብተ ሚካኤል አላቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስሙ የራሳቸው መሆኑን ያወቁት ትንሽ ቆይተው ነው።

የቀረው ለመናገርም ያስቸግራል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሃና መጀመሪያ አቅፈው አለቀሱ፣ ቀጥለው ስልክህ ለምን አይሠራም ብለው ተቆጡ፣ ተመልሰው አለቀሱ። ሰዉ አንዴ አፉን ከፍቶ የተናገረውን ደግነት መልሶ ሊውጠው አልቻለም፤ እንዲያውም ሞቱ የተባሉት ሰው ራሳቸው ባሉበት ደገመው። አቶ አንዳርጋቸው ንግግራቸውን ሳይጨርሱ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ገዱን ግን የእድሩ ዳኛ አቶ አለኸኝ በሰው ሁሉ ፊት ጠሩት። ሞቱ ብለሃል ወይ ብለው ጠየቁት፤ አላልኩም፣ ስማቸውን ነው የጠራሁ አለ። ጥሩንባ ነፍተሃል? ነፍቻለሁ። ለምን? ገዱ አልዋሸም፤ ማጉያውን አይቼ ነው፣ የላይኛው ሰፈር እንዲሰማኝ ብዬ ነው አለና አንገቱን ደፋ። አቶ ሀብተ ሚካኤል ራሳቸው አማለዱት፤ ለእኔ ማን እንደሚያለቅስ በቁሜ አይቻለሁ፣ አትንኩብኝ አሉ። አቶ አለኸኝም ፍርዱን ሰጡ።

«ዛሬ ምሬሃለሁ። ከእንግዲህ በሕይወት ያለ ሰው ስም ብትጠራ ግን ጥሩንባውን ታስረክባለህ።»

ከዚያ ንፍሮው ተቀቅሎ እንዳይቀር ሰዉ ተቀምጦ በላ።

[ከድንኳኑ ጀርባ፣ ባጃጇ አጠገብ። አቶ አንዳርጋቸው ቢራራን ለብቻው ጠርተው ረዘም ላለ ጊዜ አነጋግረውት ሄደዋል። ቢራራ ወደ ገዱ ይመጣል።]

ቢራራ፦ ጋሼ ገዱ፣ አቶ አንዳርጋቸው አልተቆጡም።

ገዱ፦ ደግ ሰው ናቸው።

ቢራራ፦ ሕዝቡን አይተዋል። ሰው በቁሙ እንዲህ ሲመሰገን በዕድሜዬ አላየሁም ነው ያሉኝ።

ገዱ፦ እኔም አላየሁም።

ቢራራ፦ እና ነገ ንጋት ላይ ይንፉ ብለዋል።

ገዱ፦ ለማን?

ቢራራ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ለእሳቸው።

ገዱ፦ አሟቸዋል?

ቢራራ፦ ደኅና ናቸው። እርስዎ ስማቸውን ብቻ ይጠሩታል። ማስታወቂያውን እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸውን የሚያጠቃ። እንዲያውም ጀምሬዋለሁ። «አቶ አንዳርጋቸው በአሥራ አምስት ዓመት ምን ሠሩልን?»

ገዱ፦ እሱስ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ቢራራ፦ ማጉያውንም ዛሬውኑ ይውሰዱት ተብለዋል። የምርጫውን ማግስት አንጠብቅም።

ገዱ ቀና ብሎ ማጉያውን አየው። ይፈልገዋል፤ እንዲህ የፈለገው ነገር በሕይወቱ የለም። የላይኛው ሰፈር በሮች ሲከፈቱ ዛሬ በዓይኑ አይቷል። ወደ ባጃጇ ሄደ፣ ገመዱን በዝግታ ፈታ፣ ማጉያውን አወረደና በሁለት እጁ ለቢራራ አስታቀፈው።

ገዱ፦ ይህ ድምፄን ያደርስልኛል። ሰው ካላመነኝ ግን ደርሶ ምን ያደርግልኛል? እማማ እናናዬን የቀበሩት አሥራ አንዱ ሰዎች፣ ገዱ አይዋሽም ብለው ነው የመጡ። ውሰደው።

ቢራራ፦ አንዴ ብቻ፣ ጋሼ። ባይሆን ጥሩንባውን ይተዉት፣ ስማቸውን ብቻ።

ገዱ፦ አቶ አንዳርጋቸው የእድራችን አባል ናቸው?

ቢራራ፦ አይደሉም። ጊዜ የላቸውም።

ገዱ፦ እንግዲያ ቢሞቱም አልጠራቸውም።

ቢራራ፦ (ማጉያውን በአንድ ክንዱ አቅፎ ማስታወሻውን አወጣ) ዛሬ ቢመዘገቡስ?

ገዱ፦ አዲስ አባል ስድስት ወር ሳይሞላው አይጠራም። ምርጫው መቼ ነበር ያልከኝ?

ቢራራ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ።

ገዱ፦ (ጥሩንባውን ትከሻው ላይ እያደረገ) አይደርሱም።